ባስ ማጥመድ ለሚጀምር፡- አንድ ዘንግ፣ አንድ ትል፣ አንድ ሐይቅ

«ይዘህ መልሰህ ትለቀዋለህ?» አለችኝ ታላቅ እህቴ ከሐዋሳ በስልክ። «አዎ፣ እትዬ» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል የሚባለውን የዓሣ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ዳር ዳሩን ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ እኛ ልጆቹም ከእነሱ ብዙ አንለይም ነበር። ለእኛ ዓሣ ማለት ቆሮሶ ነው፣ ካልሆነም አምባዛ። የሚያዘው በመረብ ነው፣ መጨረሻውም ጥብስ፣ ዱለት ወይም ሾርባ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድርያ ከተማ መኖር ጀምሬ ታክሲ ስነዳ ግን ባስ ለሚባል ዓሣ ሲሉ ከሌሊቱ አስር ሰዓት የሚነሱ፣ ጀልባ በመኪና የሚጎትቱ፣ ዓሣውን ይዘው ፎቶ ከተነሱ በኋላ መልሰው የሚለቁ ሰዎች አየሁ። «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እል ነበር። ዛሬ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ወገኖች «እኔም ልሞክር፣ ከየት ልጀምር?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። መልሴ አጭር ነው። ጀማሪን የሚቸግረው የዕቃ ማነስ አይደለም። የሚቸግረው ዓሣው የት እንደሚቀመጥ አለማወቁና ከያዘው በኋላ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። የመጀመሪያውን ባለማወቄ ገንዘብ ከስሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ባለማወቄ ደግሞ የማልረሳው ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሁለቱንም በየቦታቸው እነግራችኋለሁ።

ባስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ባስ በሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። ጀማሪ ሊያውቃቸው የሚገቡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ላርጅማውዝ ወይም አፈ ሰፊው ነው። መልኩ አረንጓዴ ሲሆን ጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር አለው። አፉ ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው ስሞልማውዝ ወይም አፈ ጠባቡ ነው። መልኩ ወደ ነሐስ ያደላል፣ መንጋጋው ዓይኑን አያልፍም፣ ቀዝቀዝ ያለና ድንጋያማ ውኃ ይወዳል። «ስትራይፕድ ባስ» የሚባለው ግን በስም ቢመሳሰልም ከሌላ ወገን የሆነ ዓሣ ነውና አታምታቱት።

ባስ ትናንሽ ዓሣዎችን፣ እንቁራሪትንና ክሬይፊሽ የሚባለውን የሸርጣን ዘመድ ይበላል። ምግቡን ብዙ ርቀት እያሳደደ አይደክምም፤ ከወደቀ ግንድ፣ ከሣር ወይም ከድንጋይ ሥር አድፍጦ ይጠብቅና ሲቀርበው ይወረወራል። ይህን ጠባዩን ያዙልኝ፤ ከታች የምነግራችሁ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የሚገርመው ባስ በፖቶማክ ወንዝም ቢሆን መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ስሞልማውዝ ባስ በባቡር ሞተር የውኃ ጋን ውስጥ ተጭኖ በባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ከምበርላንድ መጣና ተለቀቀ፤ ከዚያም በወንዙ ሁሉ ተባዛ። ላርጅማውዙ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ወደ ጃፓን የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን በጎረቤታችን ኬንያም በናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ተለቋል።

የላርጅማውዝ የዓለም ክብረወሰን 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነው፤ ከ10 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1932 በጆርጂያ ግዛት ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ ከዚያ በአንድ አውንስ ገደማ የሚበልጥ ያዘ፤ ይሁንና ደንቡ ቢያንስ የሁለት አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ፔሪ ያንን ዓሣ ምን አደረገው? ዘመኑ የችግር ዘመን ነበርና ወደ ቤት ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። ይህን ለእህቴ ስነግራት «እሱስ ጨዋ ሰው ነው» አለች።

ባስን ይዞ የመልቀቅ ልማድ በሰፊው የተስፋፋው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ትልቅ የባስ ውድድር በማዘጋጀት የታወቀው ሬይ ስኮት ከ1972 ጀምሮ ተወዳዳሪዎች ዓሣውን በሕይወት አቆይተው እንዲለቁ ማድረግ ጀመረ። አጥማጁ እየበዛ ሲሄድ ሁሉም የያዘውን ሁሉ ቢወስድ ለነገ ምን ይተርፋል? ነገሩ ከዚህ የመጣ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የከሰርኩት

ወደ ማጥመድ የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። እኔ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ፤ እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ እየወጣሁ ነው። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፣ እሱም «እሺ» ወይም «አላውቅም» ከሚለው ብዙም አያልፍም። አንድ ጓደኛዬ «እሑድ እሑድ ሐይቅ ውሰደው» ብሎ መከረኝ።

ወደ ሱቅ ሄድኩና ሻጩ ያሳየኝን ሁሉ ገዛሁ። ሁለት ዘንግ፣ ትልቅ ሳጥን፣ ውስጡ ዓሣ የሚመስል፣ እንቁራሪት የሚመስል፣ ምን እንደሚመስል እንኳ የማይታወቅ ጌጣጌጥ ሞላሁበት። ወደ 300 ዶላር ወጣብኝ። በዚያ ዓመት የሙቀቱ ወራት አልቀው ቅጠል መርገፍ እስኪጀምር አንድም ባስ አልያዝኩም። በየአምስት ደቂቃው አንዱን ማታለያ ፈትቼ ሌላ አስራለሁ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ሐይቁ መሀል እወረውራለሁ።

አንድ እሑድ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ አጠገባችን ተቀመጡ። አንድ ዘንግና አንድ ከረጢት ትል ብቻ ነው የያዙት። ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ ዓሣው እግርህ ሥር ነው፤ አንተ ግን መሀል ሐይቅ ትወረውራለህ» አሉኝ። ከዚያም ከዳር ወደ ወደቀው ግንድ፣ ከእኛ አምስት ሜትር እንኳ ወደማይርቅ ቦታ ጣል አደረጉና በሦስተኛው ሙከራቸው ባስ አወጡ። ያን ቀን ሳጥኑን መኪና ውስጥ ዘጋሁት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለጀማሪ የሚከተለው ይበቃል፡-

1ኛ. ዘንግ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ማለትም ከስድስት ጫማ ተኩል እስከ ሰባት ጫማ፣ ጥንካሬውም «ሚዲየም» ተብሎ የተጻፈበት።

2ኛ. ሪል የሚባለው የክር መጠቅለያ። ስፒኒንግ የሚሉት፣ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ዓይነት ለጀማሪ ይቀላል። መጠኑ 2500 ወይም 3000 ቢሆን ጥሩ ነው። ዘንግና ሪል አብረው ሲሸጡ ከመቶ ዶላር በታች ደህና ይገኛል።

3ኛ. ክር። ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ 8 ወይም 10 ፓውንድ የሚችል።

4ኛ. መንጠቆ። ቁጥሩ 1/0 የሆነ አንድ ፓኬት።

5ኛ. የላስቲክ ትል። አምስት ኢንች ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወፈር ያለና ቀጥ ያለው። ለጠራ ውኃ አረንጓዴ፣ ለደፈረሰ ውኃ ጥቁር።

6ኛ. መንጠቆ ለመንቀል ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳ፣ ክር ለመቁረጥ ደግሞ የጥፍር መቁረጫ።

ሌላውን ሁሉ ቢያንስ አስር ባስ እስክትይዙ ድረስ አትግዙ።

ፈቃድ

ከዕቃው በፊት የሚቀድመው ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዘንጌን ይዤ ወደ ውኃው ስገሰግስ ልጄ ሰሌዳውን አንብቦ «አባዬ፣ ፈቃድ አለህ?» ባይለኝ ኖሮ ቅጣት ይጠብቀኝ ነበር። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ግዴታው ከ16 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው ነው። ፈቃዱ በኢንተርኔት በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ለመሞከር ብቻ ለሚፈልግ ቨርጂኒያ በጁን ወር የመጀመሪያውን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሜሪላንድ ደግሞ የጁንን የመጀመሪያ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4ን ያለ ፈቃድ እንዲጠመድ ይፈቅዳሉ። በቀን ስንት ዓሣ፣ ስንት ኢንች የሆነው መውሰድ እንደሚቻል ግን ከውኃ ውኃ፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ቦታ ደንብ አንብቡ።

የት? መቼ?

በፖቶማክ አትጀምሩ። ትልቅ ወንዝ ነው፤ ውኃው ይሞላል ይጎድላል፣ ዓሣውም አብሮ ቦታ ይለውጣል። በትንሽ ሐይቅ ጀምሩ። እኛ የተማርነው በፌርፋክስ ካውንቲ በሚገኘው በርክ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 218 ኤከር ሲሆን የተሠራውም ለሕዝብ ማጥመጃ ተብሎ ነው። የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድበት ጸጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን የእግር መንገድ ስላለው ጀልባ የሌለውም ሰው ዳር ዳሩን እየሄደ ያጠምዳል።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ወዲያው አትወርውሩ። መጀመሪያ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ውኃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ አለ? የጀልባ ማቆሚያ ጥላ አለ? ሣሩ የሚያልቅበት ዳር የት ነው? ባስ ከእነዚህ አንዱ ጋ ነው። ባዶ ውኃ ላይ መወርወር ሰው በሌለበት ሰፈር ታክሲ ይዞ እንደ መዞር ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰዓቱን በተመለከተ በሙቀቱ ወራት ማለዳና ፀሐይ ስትጠልቅ ይሻላል፤ በቀትር ዓሣው ወደ ጥላና ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በኤፕሪልና በሜይ ዓሣው ለመራባት ወደ ዳር ስለሚወጣ ቀኑን ሙሉ ሊገኝ ይችላል። በመጸውም ለቅዝቃዜው ወራት ሲዘጋጅ በደንብ ይበላል። ብርድ ሲገባ ሰውነቱ ስለሚቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ጀማሪ ያኔ ቤቱ ቢቀመጥ አይቆጭም።

ቋጠሮውና ውርወራው

ለመንጠቆ የሚሆን አንድ ቋጠሮ ብቻ እወቁ፤ ፓሎማር ይባላል። ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ እጥፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። በእጥፉ ክር እንደ ጫማ ማሰሪያ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ከዚያም መንጠቆውን በሙሉ በእጥፉ ቀለበት ውስጥ አሳልፉት። ክሩን በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁት። በደረቁ ከተጎተተ ክሩ ይሞቅና ይደክማል።

መንጠቆውን በትሉ ወገብ ላይ ውጉት፤ ሁለቱ ጫፎች በግራና ቀኝ ይንጠልጠሉ። እርሳስ አያስፈልግም። ይህ አሠራር ዋኪ ይባላል። ትሉ ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ሁለቱ ጫፎቹ ይርገበገባሉ፤ ባሱን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ስትወረውሩ ክሩን በሌባ ጣታችሁ ከዘንጉ ጋር ያዙና የሪሉን ሽቦ ክፈቱ። ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዳችሁ ወደ ፊት ስትመልሱ ጫፉ ወደምትፈልጉት ቦታ ሲያመለክት ጣታችሁን ልቀቁ። ጉልበት አይጠይቅም። ትሉ ውኃ ሲነካ ሽቦውን በእጃችሁ መልሱና ዝም በሉ። ትሉ እስኪሰምጥ ጠብቁ፣ የዘንጉን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ እንደገና እንዲሰምጥ ተዉት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በመቸኮል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እዚህ ቦታ ይሠራል።

ዓይናችሁ ክሩ ላይ ይሁን። ክሩ በድንገት ንቅል ካለ፣ ወደ ጎን ከሄደ ወይም መስመጡን ካቆመ ባስ ነው። የላላውን ክር ጠቅልሉና ወዲያውኑ ዘንጉን ወደ ላይ ሳቡ። «ይዋጠው» ብላችሁ አትጠብቁ። ለምን? ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

የማልረሳው ጥፋት

በሁለተኛው ዓመት፣ በሜይ መጀመሪያ፣ ከልጄ ጋር አንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር ቆመን ነበር። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ከዳር ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መሬቱ ላይ ሰፌድ የሚያህል የተጠረገ ክብ ይታያል፤ በላዩም አንድ ባስ ቆሟል፣ አይሄድም። «ዛሬስ አገኘሁት» አልኩ። ያን ቀን ይዤ የነበረው እውነተኛ ትል ነው። ጣልኩለት፣ አነሳው። በልጅነቴ ሐዋሳ ላይ እንደማደርገው በደንብ እስኪውጠው ጠበቅኩና ሳብኩ።

መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ገብቷል። ለመንቀል ስታገል ስንጥቡን ቀደድኩት። ደሙ አልቆም አለ። ውኃ ውስጥ ብመልሰው በጎኑ ተንሳፈፈ።

ልጄ እኔን አልነበረም የሚያየው። ዓይኑ ያ ክብ ቦታ ላይ ነው። ብሉጊል የሚባሉት ትናንሽ ዓሣዎች ከየአቅጣጫው መጥተው መሬቱን ይለቅማሉ። «አባዬ፣ እንቁላሉን እየበሉት ነው» አለኝ፣ በአማርኛ።

በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ውኃው ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወንዱ ባስ በጅራቱ መሬቱን ጠርጎ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ የሚጠብቀው ወንዱ ብቻውን ነው። እኔ የገደልኩት አባትየውን ነበር። ዓሣውን ወደ ቤት ወስደን ተጠበሰ፤ ልጄ ግን አልቀመሰውም።

ከያዛችሁት በኋላ

ከዚያ ቀን ወዲህ የምንከተለው ደንብ ይህ ነው። በመራቢያው ወቅት ጎጆ ላይ የቆመ ዓሣ ካየን አልፈነው እንሄዳለን። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የሚመለስ ሹል በፒንሳ ጨፍልቀን እናስተኛዋለን፤ በቀላሉ ይነቀላል፣ የሰው ጣት ውስጥ ቢገባም እንዲሁ። ዓሣውን ከመንካታችን በፊት እጃችንን እናርሳለን፤ ደረቅ እጅ ከገላው ላይ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ይገፈዋል። የባስ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር እንጂ የሚቆርጥ አይደለም፤ ስለዚህ አውራ ጣትን አፉ ውስጥ አስገብቶ የታችኛውን ከንፈር መያዝ ይቻላል። ከባድ ከሆነ ሆዱን በሌላው እጅ ደግፉት፤ በመንጋጋው ብቻ አግድም አታንጠልጥሉት። ፎቶ ለማንሳት ሲዘገይ ዓሣው አየር እያጣ ነው፤ እናንተም ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ብትቆጥሩ ስንት ሰከንድ እንደሚበቃው ታውቁታላችሁ። መንጠቆው በጥልቅ ከተዋጠ ደግሞ አትታገሉ፤ ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። መንጠቆ ከመንቀል ይልቅ መተው ዓሣውን የማዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

መብላት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን በፖቶማክና በአናኮስቲያ ዓሣዎች ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ስላለ የጤና መሥሪያ ቤቶች ከየትኛው ዓሣ ምን ያህል መብላት እንደሚገባ መመሪያ ያወጣሉ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ያሉበት ቤት መመሪያውን ሳያይ አያብስል።

ከመልቀቅ ደንብ ውጪ የሆነም ዓሣ አለ። አንድ ቀን በፖቶማክ ገባር ላይ ባስ ነው ብዬ ስስብ ረጅም፣ ጭንቅላቱ እባብ የመሰለ ነገር ወጣ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው! ስኔክሄድ ይባላል፤ ከእስያ የመጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን ኩሬ፣ በ2004 ደግሞ በፖቶማክ ተገኘ። ከነሕይወቱ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚወስድ ሰው እዚያው ገድሎ ነው የሚወስደው። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። ባለቤቴ ዱለት ሠራችው። ለእህቴ ደውዬ «እትዬ፣ ዛሬስ በልተናል» ስላት «ተመስገን፣ ተሻለህ!» አለችኝ።

ከመሰነባበታችን በፊት

ጀልባ ላይ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አውልቃችሁ አትቀመጡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስቀምጡና ወደ መኪና ግቡ፤ ረጅም ዘንግ ይዞ ውኃ ዳር መቆም መብረቅ መጥራት ነው። በግሬት ፎልስ አካባቢ ያለው ፖቶማክ ላዩ የተረጋጋ ቢመስልም ሥሩ ኃይለኛ ነው፤ ብዙ ሰው ወስዷልና እግራችሁን እንኳ አታስገቡ። የተቆረጠ ክር ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ወፍ ይጠላለፍበታል።

ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። እቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የውኃውን ሙቀት ነው። ሐይቅ ዳር ስንሆን የሚናገረው አማርኛ ነው፤ «መንጠቆ»፣ «ክር»፣ «ቋጠሮ»፣ «ቆይ፣ አትቸኩል» የሚሉትን ቃላት የተማረው እዚያ ነው። አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ቆመን ምንም ሳንይዝ እንመለሳለን። እህቴ «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ያለችው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ፈቃዳችሁን አውጡ፣ አንድ ዘንግና አንድ ፓኬት ትል ያዙ፣ ከወደቀው ግንድ አጠገብ፣ ከእግራችሁ ሥር ጀምሩ። ቸር ይግጠመን።